ነገሌ ቦረናን ዳግመኛ እንዳየኋት

ከሐዋሳ ተነሥቶ ወደ ነገሌ ቦረና የሚጓዝ ሰው በአንድ ቀን ብዙ አገር ያያል። ጧት በአለታ ወንዶ የቡና ጥላ ሥር ያልፋል። ረፋድ ላይ በሀገረ ሰላምና በቦሬ ደጋ እንሰቱና ቀርከሃው ጉም ለብሶ ስለሚቆይ፣ ካፖርት ያልያዘ መንገደኛ ይቈጨዋል። ከዚያ ኢርባ ሙዳን አልፎ ወደ አዶላ ይወርዳል፤ ይህች የወርቅ አገር በቀድሞ ሰዎች አፍ ዛሬም ክብረ መንግሥት ናት። ከአዶላ ወዲያ የአንፈራራና የዋደራ ደን ይከተላል። ደኑ ሲያልቅ ሰማዩ በድንገት ይሰፋል፤ አፈሩ ይቀላል፤ ግራርና ኩይሳ ይበዛል፤ በአውቶቡስ ውስጥ ያለውም ሰው ሁሉ ካፖርቱን አውልቆ መስኮት ይከፍታል።

እኔ ይህን መንገድ መጀመሪያ የተጓዝሁት በ2003 ዓ.ም. የመምህርነት ምድብ ደብዳቤ በኪሴ ይዤ ነበር። በነገሌ ስምንት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ተዛወርሁ። ዳግመኛ ያየኋት በ2017 ዓ.ም. በወርኀ ጥር፣ የቀድሞ ባልደረባዬ ልጁን ሲድር ለሠርጉ ተጠርቼ ነው።

ከተማዪቱ ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ርቀቷ ግን ከታሪክ አላራቃትም። በጥር 1928 ዓ.ም. የግራዚያኒ ጦር የራስ ደስታ ዳምጠውን ሠራዊት በገናሌ በኩል ገፍቶ የያዛት ይህች ነገሌ ናት። በጥር 1966 ዓ.ም. ደግሞ በዚያ የሰፈሩት ወታደሮች ስለ ምግባቸውና ስለ ውኃቸው አቤት ብለው ሰሚ ቢያጡ መኮንኖቻቸውን አሰሩ፤ ከአዲስ አበባ የተላኩትንም ጄኔራል እነርሱ የሚበሉትን አበሏቸው፤ እነርሱ የሚጠጡትንም አጠጧቸው። ስለ አብዮቱ የጻፉ ብዙ ሰዎች ታሪኩን ከዚህ ውኃ ይጀምሩታል። ዛሬ ከተማዪቱ በ2015 ዓ.ም. የተቋቋመው የምሥራቅ ቦረና ዞን ዋና ከተማ ሆናለች፤ ባጃጁም እኔ ከማውቀው በእጥፍ በዝቷል። የገበያው አቧራ ግን እንደ ነበረ ነው።

ከሠርጉ ማግሥት በገበያው ዳር ልብስ ሰፊዎች በተደረደሩበት ሳልፍ፣ ከአንዱ የስፌት መኪና ጀርባ «ጋሼ! አላወቁኝም?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ፊቷ ከስቶ ስለነበር በዓይኔ አላወቅኋትም፤ በድምፅዋ አወቅኋት። በ2009 ዓ.ም. የ10ኛ ክፍል ተማሪዬ ነበረች። ስሟን አልጽፍም፤ አንባቢ ተማሪዬ ብሎ ይያዛት።

በ2011 ዓ.ም. መግቢያ በሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛ እንደሚፈለግ በተነገረ ጊዜ፣ ይህችን ልጅ ሂጂ ያልኋት እኔ ነኝ። አባቷ እሺ ስላላሉ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ቤታቸው ድረስ ሄጄ ለመንኋቸው። ያን ጊዜ ያልሁትን ቃል አልረሳሁትም። «አባቴ፥ ላም በድርቅ ያልቃል፤ ደመወዝ ግን ድርቅ አያውቅም» ብዬ ነበር። በወር በወር የሚከፈለኝ የመንግሥት መምህር ስለነበርሁ እውነት መስሎኝ ነው።

የሐዋሳው ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀ ነው። የቻይና ሥራ ተቋራጭ ዘጠኝ ወር በሚያህል ጊዜ ውስጥ አቆመው፤ ሲሞላም 60,000 ሠራተኛ እንዲይዝ ታስቦ ነበር። ከተገባው ሁሉ ትልቁ ስም ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነበር፤ ካልቪን ክላይንና ቶሚ ሂልፊገር የሚባሉት ልብሶች የእርሱ ናቸው። እንዲህ ያሉ ኩባንያዎችን ወደ እኛ የሳባቸው አንደኛ የደመወዙ ማነስ፣ ሁለተኛ አጎአ የተባለው የ1992 ዓ.ም. የአሜሪካ ሕግ ነው፤ በዚህ ሕግ መሠረት ከአፍሪካ አገሮች ወደ አሜሪካ የሚገባ ልብስ ቀረጥ አይከፈልበትም ነበር። ስለ ደመወዙ ማነስ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ2011 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት የመነሻው ክፍያ በወር 26 ዶላር መሆኑን ገልጸው፣ ልብስ ሰፍተው ከሚሸጡ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው ነው ብለዋል። ተማሪዬም መነሻዬ 750 ብር ነበር አለችኝ። ለአራት ሆነው አንድ ክፍል ተከራዩ፤ አንደኛዋ ከሌሊት ሥራ ስትገባ ሁለተኛዋ ከፍራሹ ትነሣ ነበር።

ይሁን እንጂ የሐዋሳውን ኑሮ ስታወራኝ የምሬት ቃል ብቻ አልተናገረችም። ከነገሌ የማትወጣ የነበረች ልጅ ከሲዳማ፣ ከወላይታና ከጌዴኦ ልጆች ጋር ኖረች፤ የባንክ ደብተር አወጣች፤ ለታናናሾቿ ደብተርና ጫማ ላከች። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ እንኳ ከሥራ አልወጣችም፤ ጥቂት ወራት ቤቷ ተቀምጣ ከፊል ደመወዝ ተቀበለች። በዚያ ዓመት የአስቸኳይ ጊዜው ሕግ ሠራተኛን ማሰናበት ከልክሎ ነበር፤ የጀርመን መንግሥትም በዓለም የሥራ ድርጅት በኩል ለልብስ ፋብሪካ ሠራተኞች ደመወዝ መደጎሚያ ገንዘብ ሰጥቷል። ሁሉንም አላዳነም። በዚያው ዓመት በፓርኩ ሴት ሠራተኞች ላይ በስልክ የተደረገ ጥናት ሥራቸውን ያጡት ብዙዎቹ ወደ ገጠር እንደ ተመለሱና በምግብ እንደ ተቸገሩ አሳይቷል። ነገር ግን ፈቃዱ ካለ ደመወዝን ለጥቂት ወራት አጥብቆ መያዝ እንደሚቻል በዚያ ጊዜ ታየ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት በሰሜኑ ጦርነት የሰብአዊ መብት ጥሰት ተፈጽሟል ሲል ኢትዮጵያን ከአጎአ እንደሚያስወጣት አስታወቀ። በኅዳር ፒቪኤች በሐዋሳ ያለውን ሥራውን እንደሚዘጋ ተናገረ። ከታኅሣሥ 23 ቀን ጀምሮ እገዳው ጸና። ሌሎች ፋብሪካዎችም ትእዛዛቸው ወደ ሌላ አገር ሲዞርባቸው መሥመር በመሥመር ሠራተኛ መቀነስ ጀመሩ። ጦርነቱ የተካሄደው ከሐዋሳ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ነው፤ ውሳኔው የተጻፈው ከባሕር ማዶ ነው፤ ሸሚዙን የምትሰፋው ልጅ ግን ከሁለቱም ቦታ አልነበረችም።

ተማሪዬ በጥር 2014 ዓ.ም. ወጣች። በየትኛው ፋብሪካ እንደ ነበረች መጻፍ አያስፈልግም። አንድ ቀን ከሥራ ሲወጡ በጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ወረቀት እንዲፈርሙና የወሩን ደመወዝ እንዲቀበሉ ተነገራቸው። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነበር።

«አነበብሽው?» አልኋት።

«ጥቂት ጥቂት አነበብሁ፤ ከኋላዬ ግን ሰልፉ ረጅም ነበር» አለችኝ።

ግልባጩን አስቀምጣው ስለነበር በማግሥቱ አመጣችልኝ። አራት መስመር ናት። በራሴ ፈቃድ ሥራዬን ለቅቄአለሁ፤ ከድርጅቱ የምጠይቀው ነገር የለም ትላለች። «በራሴ ፈቃድ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል እኔ በ10ኛ ክፍል አላስተማርኋትም፤ መጽሐፉ ውስጥ አልነበረም።

ያች ቃል ምን ያህል እንዳስከፈለቻት ለማስላት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን መመልከት በቂ ነው። በድርጅቱ መዘጋት ወይም በሠራተኛ ቅነሳ ምክንያት ለሚሰናበት ሰው ስለ መጀመሪያው ዓመት አገልግሎት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚህ ሲሶ፣ በተጨማሪም የ60 ቀን ደመወዝ ይከፈለዋል። ቅነሳ ከሆነ ደግሞ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይገባዋል። ሦስት ዓመት ላገለገለችው ልጅ 30፣ 20 እና 60 ሲደመር 110 ቀን ነው። በመጨረሻ ደመወዟ 1,200 ብር ደርሶ ስለነበር ቀኑ 40 ብር ነው፤ ጠቅላላው 4,400 ብር ይሆናል። አምስት ዓመት ሳይሞላው በፈቃዱ የለቀቀ ሠራተኛ ግን የስንብት ክፍያ የለውም። አዋጁ ከሥራ መቋረጥ የሚመጣን የገንዘብ ጥያቄም በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይዘጋዋል። እኔ ይህን ሁሉ በወረቀት ላይ ደምሬ ያሳየኋት ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ድምሩን አይታ «ጋሼ፥ አሁን ይህ ምን ያደርግልኛል?» አለችኝ፤ እኔም ወረቀቱን አጥፌ ወደ ኪሴ መለስሁት።

ገንዘቡ ቢከፈላትስ ኖሮ? የስንብት ክፍያ ላለፈው አገልግሎት የሚሰጥ ነው፤ አንድ ጊዜ ተቀብለውት ያልቃል። ከሥራ ወደ ሥራ የሚያሻግር ነገር ግን በአገራችን ሕግ ገና የለም። ከደመወዟ በየወሩ 7 በመቶ፣ ከአሠሪዋም 11 በመቶ ለጡረታ ይቀመጥ ነበር። ጡረታ ግን ሰው ሲያረጅ፣ አካሉ ሲጎድል ወይም ሲሞት የሚደርስ እንጂ ፋብሪካ ሲዘጋ የሚደርስ አይደለም።

በሦስተኛው ቀን ከእርሷ ጋር ወደ አባቷ ቤት ሄድሁ። ፈርቼ ነበር ብል ሐሰት አይሆንም። ሽማግሌው ግን እጄን ይዘው በሳር ቤቱ ጥላ ሥር አስቀመጡኝ፤ ወተትም ቀረበልኝ። የእኔ ኦሮምኛ ለሰላምታና ለገበያ እንጂ ለቁም ነገር ስለማይበቃ ልጂቱ ታስተረጉም ነበር።

ከ2013 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ በቦረና አምስት ወቅት በተከታታይ ዝናብ ቀርቷል። ጋና የሚሉት የመጋቢትና የሚያዝያ ዝናብ፣ ሀገያ የሚሉትም የመስከረምና የጥቅምት ዝናብ እየተፈራረቁ ቀሩ። ከያቤሎ እስከ ሞያሌ፣ ከሊበን እስከ ፊልቱ መንገድ ዳር የከብት ዐፅም ተከምሮ እንደ ነበር ያዩ ሁሉ ይናገራሉ። እኒህ ሰው ከነበሯቸው ከሠላሳ በላይ ከብቶች አራት ቀሯቸው። በ2015 ዓ.ም. ዝናቡ ሲመለስ ጎሣቸው ተሰብስቦ የማን ከብት አለቀ፣ ለማን ስንት ይሰጥ ብሎ መከረ። ይህን ሥርዓት ቡሳ ጎኖፋ ይሉታል። ከብቱ ያለቀበት ሰው ከእረኝነት ወጥቶ እንዳይቀር ከየዘመዱ እየተዋጣ ይሰጠዋል። በዚያ ዓመት ሁሉም ተጎድቶ ስለ ነበር የተሰጣቸው አምስት ጊደር ብቻ ነው፤ ሁለቱ ግን ወልደዋል፤ የጠጣሁትም ወተት የእነርሱ ነው።

«ጎሣው ሲሰጥ መጀመሪያ አንድ ነገር ይጠይቃል» አሉኝ። «ከብቱ እንዴት ጠፋ ይላል። ድርቅ ከሆነ ይሰጣል። ዘራፊ ወስዶትም ከሆነ ይሰጣል። ሰውየው ጠጥቶ አጥፍቶት እንደሆነ ግን አይሰጥም። የልጄን ደመወዝ ምን ወሰደው? ድርቅ ነው? ዘራፊ ነው? ወይስ እርሷ አጠፋችው?»

እንደ መምህርነቴ ስለ አጎአ፣ ስለ ቀረጥ፣ ስለ ትእዛዝ መዞር አስረዳኋቸው። ልጂቱ እየቆራረጠች አስተረጎመችልኝ። ሽማግሌው ጸጥ ብለው ሰምተው ሲያበቁ፣ «እንግዲያስ እርሷ አላጠፋችውም» አሉ። ቀጥለውም ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ በቁጣ ሳይሆን እንደ ተራ ጥያቄ፣ «አንተ ደመወዝ ድርቅ አያውቅም ብለኸኝ ነበር» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ወተቱን ጠጣሁ።

ማታ ባረፍሁበት ቤት ሆኜ ይህን ጥያቄ ሳወጣ ሳወርድ፣ በሩቅ አገርም ተጠይቆ እንደ ነበር ትዝ አለኝ። በአሜሪካ ጆን ኬኔዲ ፕሬዚዳንት በነበሩ ጊዜ በ1955 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ የውጭ ዕቃ በመግባቱ ምክንያት ሥራውን ላጣ ሠራተኛ መንግሥት እንዲረዳው አዘዘ። ሐሳቡ ከሽማግሌው ሐሳብ አይርቅም፤ ንግዱ ሲሰፋ አገር ሁሉ ይጠቀማል፤ ስለዚህ አገር የሚጠቀምበት ነገር አንዱን ቤት ብቻ አያፍርስ የሚል ነው። መጀመሪያ ላይ ሕጉ መሥፈርቱን እጅግ ስላጠበበ ሰባት ዓመት ያህል አንድም የሠራተኞች አቤቱታ አልጸደቀለትም። በኋላ በ1967 ዓ.ም. ተሻሽሎ ብዙዎች ተረዱበት። ሦስት ሠራተኞች እንኳ በአንድነት አመልክተው ከተፈቀደላቸው፣ የሥራ አጥ ክፍያቸው ሲያልቅ ሳምንታዊ ድጎማ፣ የአዲስ ሙያ ትምህርት፣ ሥራ ፍለጋ ለሚጓዝ መጓጓዣ፣ ለሚዛወርም መዛወሪያ ይሰጣቸው ነበር። የሚገርመው ይህ ሕግ ለአዳዲስ አመልካቾች የተዘጋው በሰኔ 2014 ዓ.ም. ነው፤ ተማሪዬ ከሐዋሳ በተመለሰችበት በዚያው ዓመት ማለት ነው። የአሜሪካን ሰፊ ሥራ ያሳጣት ሸሚዝ በእስያ በኩል ዞሮ ሐዋሳ ደርሶ ነበር፤ ከሐዋሳም ሄደ።

እነዚያ ሀብታሞች ናቸው፤ እኛ ምን አለን የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። ሞሪሺየስ ግን አፍሪካዊት ደሴት ናት፤ እርሷም በልብስ ስፌት የኖረች አገር ናት። ፋብሪካዎቿ መዘጋት ከጀመሩ በኋላ በ2001 ዓ.ም. አንድ ሥርዓት አቆመች። ከሥራ የተቀነሰ ሠራተኛ በመጀመሪያው ሦስት ወር የመሠረታዊ ደመወዙን 90 በመቶ፣ በሚቀጥለው ሦስት ወር 60 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ እስከ ዓመቱ ፍጻሜ 30 በመቶ ያገኛል፤ ከገንዘቡ ጋር ሥራ ማፈላለግ፣ ሙያ መማር ወይም ትንሽ ንግድ መጀመር ተያይዞ ይሰጠዋል። በራሳችን ቆላ እንኳ ከ2004 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የከብት መድን ይሸጣል፤ የሣሩን ልምላሜ ከሰማይ በሳተላይት እየተመለከቱ፣ ድርቅ ሲጸና ለገዛው ከብት አርቢ ይከፍላሉ። ለላም የታሰበው ለልብስ ሰፊዋ አልታሰበም።

የመምህር ልማድ ነውና ጥቂት ሒሳብ ሠራሁ። ሠላሳ ሺሕ ሠራተኞች ከ1,200 ብር ደመወዛቸው አንድ በመቶ፣ ማለት 12 ብር፣ ቢያስቀምጡ፤ አሠሪዎቻቸውም ያንኑ ያህል ቢጨምሩ፣ በወር 720,000፣ በሦስት ዓመት 25,920,000 ብር ይጠራቀማል። ይህ ገንዘብ ለ3,600 ሰዎች የስድስት ወር ሙሉ ደመወዝ ይሆናል። ለሁሉም አይበቃም፤ እንደ ሞሪሺየስ እየቀነሰ ቢከፈል ግን ከዚያ ለበዙት ይደርሳል፤ ቀሪውን መንግሥት ሊጨምርበት ይችላል። ይህን ለመወሰን ሥልጣን ያላቸው ሰዎች ከእኔ የተሻለ ሒሳብ እንደሚያውቁ አልጠራጠርም።

ገንዘቡ ብቻ አልነበረም ያጎደላት። ተማሪዬ በሦስት ዓመት ውስጥ የሰፋችው ኮሌታ ብቻ ነው። በመሥመሩ ላይ አንዷ ኪስ፣ አንዷ እጅጌ፣ አንዷ ቁልፍ ትይዛለች፤ ሸሚዙ በሰው ሁሉ እጅ አልፎ ይወጣል። ስለዚህ ነገሌ ስትመለስ ልብስ ሰፊ ናት ተብላ የሠፈር ሴቶች ጨርቅ ይዘው ቢመጡ፣ ቀሚስ እንዴት እንደሚቆረጥ አታውቅም ነበር። አፍራ ስድስት ወር ቤት ተቀመጠች። በኋላ በገበያው ዳር ሲንጀር መኪና ያላቸው አንድ አረጋዊ ልብስ ሰፊ ቡና እያፈላችላቸው መቁረጥና መለካት አስተማሯት። መኪናዋን የገዛችው ከሴቶች ዕቁብ ባወጣችው ገንዘብ ነው። አሁን የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ መስከረም ሲቃረብ ሌሊትም ትሠራለች፤ ከመስከረም በኋላ ግን ብዙ ቀን እጇን አጣጥፋ ትውላለች። አረጋዊው ኮሌታ ሲመጣባቸው ሥራውን ለእርሷ ያሳልፋሉ፤ በነገሌ ገበያ ኮሌታ እንደ እርሷ የሚሰፋ የለም አሉኝ።

ልመለስ ባልሁበት ዋዜማ ማታ ልጂቱ ከታናሽ እኅቷ ጋር ወዳረፍሁበት መጣች። ታናሺቱ የ19 ዓመት ልጅ ናት፤ ለቤት ሠራተኛነት ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ለመሄድ ተመዝግባለች። በእጇ ባለ አራት ገጽ የሥራ ውል ይዛ ነበር፤ ግማሹ በእንግሊዝኛ፣ ግማሹ በዐረብኛ ጎን ለጎን ተጽፏል። «ጋሼ፥ ይህን ሳንፈርም ያንብቡልን» አለችኝ ታላቂቱ።

መብራት ጠፍቶ ስለነበር በስልክ ብርሃን ከመጀመሪያው መሥመር ጀመርን። ቃል በቃል ተረጎምሁላቸው፤ ተማሪዬም በደብተር ጻፈች። ስለ ደመወዝ የሚለውን ሁለት ጊዜ፣ ስለ መሰናበት የሚለውን ሦስት ጊዜ አነበብን። ሲነጋጋ የእንግሊዝኛውን ጨረስን። ታናሺቱ ጣቷን በገጹ ቀኝ በኩል አድርጋ፣ «ይኸኛውስ ያንኑ ነው የሚለው?» ብላ ጠየቀችኝ። ዐረብኛ አላውቅም።